ዋልማርትና አማዞን የአየር ንብረት ቃላቸውን እንዴት ነው የሚያጥፉት?

ዲሴምበር 2024 ላይ የአሜሪካው ቸርቻሪ ዋልማርት እንደዋዛ የሚመስል መግለጫ አወጣ። አጻጻፉ ለስለስ ያለ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን አጭር ነበር። ለ2025 እና ለ2030 ያስቀመጥነውን የልቀት (ምድርን የሚያሞቁ ጋዞች) ቅነሳ ግብ ሳናሳካው የምንቀር ይመስላል ነው ያለው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዋልማርት ትንሽ ሱቅ አይደለም። ከ10 ሺህ በላይ መደብሮች አሉት። ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሠራተኛ ያስተዳድራል። የዓመት ሽያጩ ከ600 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ግቡም በቁጥር የተቀመጠ ነበር፦ በ2015 ከነበረው ልቀት ላይ እስከ 2025 ድረስ 35 በመቶ፣ እስከ 2030 ድረስ 65 በመቶ መቀነስ፣ በ2040 ደግሞ ዜሮ መግባት። 2023 ላይ ግን ልቀቱ መቀነሱ ቀርቶ ከዓመት በፊት ከነበረው በለጠ።

ይህን የሰማ ሰው «ድሮስ ምን ሊያደርጉ ኖሯል!» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። አይፈረድበትም። እኔ ግን ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ አልወድም። አንዱ ኩባንያ «አልቻልኩም» ብሎ በአደባባይ ይናገራል። ሌላው ቃሉን ከድረ ገጹ ላይ ድምፁን አጥፍቶ ያነሳል። ሌላው የፖለቲካ ጫና ሲመጣበት በሳምንታት ውስጥ ይተወዋል። ሥራውን እየቀጠለ ስለ ሥራው ማውራት ያቆመም አለ። ከዜናው ርዕስ ይልቅ አስተጣጠፉን ማየት ብዙ ነገር ይነግረናል።

መጀመሪያ ቃሉ ምን ነበር?

ኩባንያዎች ልቀታቸውን የሚቆጥሩት በሦስት ምድብ ከፍለው ነው። ነገሩን በአንዲት እንጀራ ጋግራ በምትሸጥ ሴት እንየው። ግቢዋ ውስጥ የምታነደው ማገዶ ጭስ ምድብ አንድ ነው፤ እዚያው እጇ ላይ ያለ ልቀት። በኤሌክትሪክ ምጣድ ከጋገረች ደግሞ መብራቱን ያመነጨው ጣቢያ የለቀቀው ጋዝ ምድብ ሁለት ይሆናል። የቀረው ሁሉ ምድብ ሦስት ነው። ጤፉ ሲታረስ፣ ማዳበሪያው ሲመረት፣ አይሱዙው ጤፉን ጭኖ አዲስ አበባ ሲገባ፣ እንጀራው በፌስታል ታስሮ ሲሄድ፣ የተረፈው ቆሻሻ ላይ ሲጣል።

ትልልቅ ቸርቻሪዎች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ከጠቅላላው ልቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ይኸው ምድብ ሦስት ነው። ሱፐርማርኬቱ ራሱ አያርስም፣ ላም አያረባም፣ ጨርቅ አይሸምንም። ገዝቶ ነው የሚሸጠው።

እንግዲህ ዋልማርት አልሳካ ያለው ግብ የቱ እንደሆነ ልብ በሉ። ምድብ አንድና ሁለት ነው። ትንሹ፣ በእጁ ያለው፣ ራሱ የሚያዝበት ክፍል ነው ያስቸገረው። ለእኔ ከዜናው ሁሉ አሳሳቢው ይህ ነው።

ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ጋዝ

በእጁ ያለውን መቀነስ ለምን አቃተው? ሱፐርማርኬት ውስጥ ወተቱና ስጋው ወደሚደረደርበት ክፍል እንሂድ። እዚያ ያሉት ማቀዝቀዣዎች ቤታችን እንዳለው ፍሪጅ በየራሳቸው የሚሠሩ አይደሉም። ብዙዎቹ ከመደብሩ ጀርባ ወይም ከጣሪያው ላይ ካለ ኮምፕረሰር ጋር በረጃጅም ቱቦ የተያያዙ ናቸው። ቱቦው ውስጥ ጋዝ ይዞራል። ቱቦው መጋጠሚያ ይበዛዋል፤ መጋጠሚያ ባለበት ደግሞ ጋዝ ያመልጣል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ግምት እንደሚለው አንድ መካከለኛ ሱፐርማርኬት 1,600 ኪሎ ገደማ የማቀዝቀዣ ጋዝ ይይዛል። ከዚህ ውስጥ በዓመት ሩቡ ያህል ይተናል። 400 ኪሎ ማለት ነው። 400 ኪሎ ጋዝ ብዙ አይመስልም ይሆናል። ግን ለረጅም ጊዜ በየመደብሩ ሲሠራበት የኖረው አር-404ኤ የሚባለው ጋዝ አንድ ኪሎው በመቶ ዓመት ስሌት ከ3,900 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ምድርን ያሞቃል። ስታባዙት ከ1,500 ቶን ያልፋል። ከ300 በላይ የቤት መኪኖች ዓመቱን ሙሉ ሲነዱ የሚለቁትን ያህል ነው። ከአንድ መደብር፣ ያውም ማንም ሳያየው። ጋዙ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው።

መፍትሔው ይታወቃል። በ2016 ኪጋሊ ላይ የዓለም አገሮች እነዚህን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ተስማምተዋል። አሜሪካም በ2020 የወጣ የራሷ ሕግ አላት። ራሱን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለማቀዝቀዣነት የሚጠቀሙ መሣሪያዎች ገበያ ላይ አሉ፤ አውሮፓ ውስጥ በሰፊው ይሠራባቸዋል። ችግሩ አሮጌውን ጋዝ አውጥቶ አዲሱን መሙላት ብቻ አለመሆኑ ነው። አዲሱ በጣም ከፍተኛ ግፊት ይፈልጋል። ቱቦው፣ ኮምፕረሰሩ፣ ማሳያ ሳጥኑ፣ ሁሉም ይቀየራል። የሚጠግነው ባለሙያም እንደገና መሠልጠን አለበት። ይህን በሺዎች በሚቆጠሩ መደብሮች አባዙት።

ዋልማርት በመግለጫው ካነሳቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የማቀዝቀዣ ጉዳይ ነው። ሌላው ከባድ መኪና ነው። ረጅም መንገድ የሚጓዝ፣ ዋጋው የሚቀመስ ንጹሕ የጭነት መኪና ከ2030ዎቹ በፊት በብዛት ይገኛል ብሎ አያምንም። ሦስተኛው የመብራት መረቡና የመንግሥት ፖሊሲ ነው። እነዚህ ምክንያቶች ፈጠራ አይደሉም። ነገር ግን ማቀዝቀዣ እንደሚያፈስ ግቡ ሲነደፍም ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ምክንያቱ እውነት ነው፤ ድንገተኛ ግን አይደለም።

አንድ የማይነገር ምክንያት ልጨምር፤ እድገት። አዲስ መደብር በተከፈተ፣ ወደ ቤት የሚላክ ዕቃ በበዛ ቁጥር ልቀቱ ይጨምራል። ኩባንያው በዚህ ጊዜ «ከእያንዳንዱ የሽያጭ ዶላር አንጻር ልቀታችን ቀንሷል» ይላል። እውነቱን ነው፣ የዋልማርትም ቀንሷል። ሰማይ የሚቆጥረው ግን ጠቅላላውን ቶን ነው። ሪፖርት ስታነቡ «ከሽያጭ አንጻር» የሚል ሐረግ ካያችሁ ጠቅላላው ቁጥር የት እንዳለ ፈልጉ።

አማዞን፦ ድምፁን አጥፍቶ

አማዞን በ2019 ሁለት ቃል ገባ። አንዱ ትልቁና ሩቁ ነው፤ በ2040 ኔት ዜሮ መድረስ፣ ማለትም የሚለቀውን በተቻለ መጠን ቀንሶ የቀረውን ያህል ከአየር ላይ በማስወገድ ማካካስ። ሌላው ቅርብና የሚጨበጥ ነበር፤ በ2030 ወደ ደንበኛ ከሚላኩት ጥቅሎች ግማሹን ያለ ካርቦን ማድረስ። 2023 ላይ ይህን ሁለተኛውን ያበሰረው ጽሑፍ ከድረ ገጹ ጠፋ። ጋዜጠኞች ሲጠይቁ ኩባንያው «በትልቁ ግባችን ውስጥ ተካቷል፤ ለብቻው ማቆየት ትርጉም የለውም» የሚል ይዘት ያለው መልስ ሰጠ።

አያችሁ? ቅርቡ ቀጠሮ ሩቁ ውስጥ ሟሟ። በ2030 ልትጠይቁት የምትችሉት ነገር በ2040 የሚመለስ ሆነ። የላም አለኝ በሰማይ ነገር የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ሆነ። የኩባንያዎችን ግብ ከሳይንሱ ጋር እያመሳከረ የሚያጸድቅ «ሳይንስ ቤዝድ ታርጌትስ ኢኒሼቲቭ» የሚባል ተቋም አለ። «ግብ አወጣለሁ» ያለ ኩባንያ በ24 ወራት ውስጥ ዝርዝሩን ማቅረብ አለበት። አማዞን በጊዜው ግቡን ባለማስጸደቁ ከቃል ገቢዎቹ ዝርዝር ወጣ። ማርች 2024 ላይ ደግሞ ተቋሙ ከ200 የሚበልጡ ኩባንያዎችን የኔት ዜሮ ቃል በአንድ ጊዜ ሰረዘ። ዋልማርት፣ ማይክሮሶፍትና ዩኒሊቨር ነበሩበት። ይህ ማለት ኩባንያዎቹ ሁሉንም ሥራ አቆሙ ማለት አይደለም። የቅርብ ጊዜ ግባቸው ጸድቆ የቆየላቸው አሉ። በወረቀት ላይ ያለው የሩቁ ቃል ግን ማንም ያልመረመረው ሆኖ ቀረ።

የአማዞን የራሱ ሪፖርት 2019 ላይ 51 ሚሊዮን ቶን ገደማ ልቀት ያሳያል። በ2024 ወደ 68 ሚሊዮን ቶን ወጥቷል። የዳታ ሴንተር ግንባታና የማድረሻ መኪናዎች ነዳጅ ዋነኞቹ ምክንያቶች ናቸው። በፍትሐዊነት ለመናገር፣ ሪቪያን ከሚባለው የመኪና አምራች 100 ሺህ የኤሌክትሪክ ቫኖችን አዟል፤ ከ20 ሺህ በላዩ መንገድ ላይ ናቸው። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሰው ሰማያዊ ግራጫዎቹን ቫኖች በየሰፈሩ ያውቃቸዋል።

እዚህች ጋ ብዙ ሰው የማያያት አንዲት የቁጥር ጉዳይ አለች። አማዞን የምርቶችን ልቀት ከእርሻ ወይም ከፋብሪካ ጀምሮ ሲቆጥር የሚያካትተው በራሱ ብራንድ የሚወጡትን ነው። ከሌላ አምራች መጥቶ በእሱ በኩል የሚሸጠውን አይደለም። ከሽያጩ አብዛኛው ደግሞ የሌላ አምራች ዕቃ ነው። ስለዚህ 68 ሚሊዮኑ ራሱ ጠባብ ቆጠራ ነው። ሁለት ኩባንያዎችን በልቀት ከማወዳደራችሁ በፊት ምን እንደቆጠሩ እዩ።

ትራክተር ሰፕላይ፦ በሦስት ሳምንት

ይህኛው ታሪክ ከቴክኖሎጂ ጋር የሚያገናኘው የለም። ትራክተር ሰፕላይ አሜሪካ ገጠር ውስጥ የታወቀ ቸርቻሪ ነው። የከብት መኖ፣ የአጥር ሽቦ፣ ቦት ጫማ፣ የዶሮ ጫጩት ይሸጣል። ዋና ቢሮው ቴኔሲ ነው፤ ከ2,200 በላይ መደብሮች አሉት። እሱም በ2040 ኔት ዜሮ እገባለሁ ብሎ ነበር።

በጁን 2024 መጀመሪያ ሮቢ ስታርበክ የተባለ ወግ አጥባቂ አክቲቪስት ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ላይ ዘመቻ ከፈተበት። ዋናው ክሱ ኩባንያው በዘርና በጾታ አካታችነት ላይ የሚሠራውን ሥራ የሚመለከት ነበር፤ የአየር ንብረቱም አብሮ ተነሳ። ጁን 27 ኩባንያው መግለጫ አወጣ። የአካታችነት የሥራ መደቦችን አስቀርቻለሁ፣ የካርቦን ልቀት ግቦቼን አንስቻለሁ፣ ከእንግዲህ በመሬትና በውኃ ጥበቃ ላይ አተኩራለሁ አለ። የጥቁር ገበሬዎች ብሔራዊ ማኅበር መሪ ወዲያው የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሥራ እንዲለቅ ጠየቁ። ወጣም ወረደ ግቡ ተነሳ።

ልብ በሉ፣ አልቻልንም አላለም። ገንዘብ አጠረን፣ መሣሪያ የለም አላለም። ደንበኞቹ ድርቅና ጎርፍ በቀጥታ የሚመታቸው ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ናቸው። ቃሉ ግን በሦስት ሳምንት የማኅበራዊ ሚዲያ ጫና ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ ነፋሱ የበለጠ ጠንክሯል። ትራምፕ ጃንዋሪ 2025 ሥልጣን በያዙበት ቀን አሜሪካ ከፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት እንድትወጣ አዘዙ። ለኤሌክትሪክ መኪና ይሰጥ የነበረው የግብር ቅናሽ በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ተቋረጠ። ብዙ ኩባንያዎች አሁን የሚመርጡት ዝምታን ነው። ሶላሩን ይተክላሉ፣ መብራቱን ወደ ኤልኢዲ ይቀይራሉ፣ ስለ እሱ ግን ትንፍሽ አይሉም። ይህ ከማቆም ይሻላል። ደንበኛው ግን ማን እየሠራ ማን እንደተወ የሚለይበት መንገድ ያጣል።

«አንድ ቢሊዮን ቶን አዳንን»

ወደ ዋልማርት ልመለስ። በ2017 ፕሮጀክት ጊጋተን የሚባል ዘመቻ ጀመረ። ዕቃ አቅራቢዎቹ በ2030 በድምሩ አንድ ቢሊዮን ቶን ልቀት እንዲያስቀሩ ነው። ፌብሩዋሪ 2024 ላይ ከቀጠሮው ስድስት ዓመት ቀድመን ደረስን ብሎ አበሰረ። ከወራት በኋላ ነው እንግዲህ የራሱን ግብ እንደሚስት የተናገረው። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?

ምክንያቱ የሚቆጠረው ነገር መለያየቱ ነው። ጊጋተን የሚቆጥረው ሳይለቀቅ የቀረውን ልቀት ነው፤ ያን ሥራ ባልሠራ ኖሮ ይህን ያህል እለቅ ነበር የሚለውን ግምት። አቅራቢዎቹ ራሳቸው ናቸው አስልተው የሚያስገቡት። አንድ ፋብሪካ ማሸጊያውን አቅልሎ 10 ሺህ ቶን አስቀረሁ ሊል ይችላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። በዚያው ዓመት ምርቱን እጥፍ ካደረገ ግን ጠቅላላ ልቀቱ ጨምሯል። የቀረው ይመዘገባል፣ የተጨመረው አይመዘገብም። ዘመቻው ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ አቅራቢዎችን ስለ ልቀት እንዲያስቡ አስገድዷል። ከጠቅላላ ልቀት መቀነስ ጋር ግን አንድ ነገር አይደለም።

ጅማ ድረስ የሚመጣው

እስካሁን ያወራነው የሩቅ አገር ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ቡናን ስናነሳ ግን ቤታችን ይገባል።

በ2010 ዋልማርትን፣ ቴስኮንና ካርፉርን የመሳሰሉ ግዙፍ ኩባንያዎች ያሉበት የኮንሲውመር ጉድስ ፎረም የሚባል ማኅበር፣ በአቅርቦት ሰንሰለታችን ምክንያት የሚደርሰውን የደን ጭፍጨፋ በ2020 በድምር ዜሮ ለማድረስ እንሠራለን ብሎ ነበር። 2020 መጣ፤ አልደረሱም። በፈቃደኝነት የተገባው ቃል ካልሠራ በሕግ ይሁን ያለው የአውሮፓ ኅብረት 2023 ላይ ደንብ አወጣ። ቡና፣ ካካዎ፣ አኩሪ አተር፣ የዘንባባ ዘይት፣ ከብት፣ ጎማና እንጨት ወደ አውሮፓ ሲገቡ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ከተመነጠረ ደን አለመምጣታቸው መረጋገጥ አለበት።

ማረጋገጫው ከማሳው ይጀምራል። አስመጪው የእያንዳንዱን ማሳ የሳተላይት መገኛ ነጥብ ማቅረብ አለበት። ማሳው ከአራት ሄክታር ከበለጠ ደግሞ ዙሪያ ድንበሩ ሁሉ ይለካል። የኛ ገበሬ ማሳ ጠባብ ስለሆነ አንድ ነጥብ ይበቃዋል። ችግሩ ብዛቱ ነው። አንድ ኮንቴይነር ቡና ውስጥ የብዙ መቶ ገበሬ እሸት ሊኖር ይችላል፤ ሰብሳቢው ጋ ተቀላቅሎ፣ ማጠቢያ ገብቶ፣ ተፈልፍሎ። አንድ ሰው ስልክ ይዞ ከጓሮ ጓሮ መዞር አለበት። በላዩ ላይ በዛፍ ጥላ ስር የሚበቅል ቡና ከሳተላይት ሲታይ ጫካ ይመስላል።

ደንቡ በ2024 መጨረሻ ሊጀምር ነበር፤ በአንድ ዓመት ተገፋ። ዲሴምበር 2025 ላይ እንደገና ተገፋ፤ ለትልልቆቹ ወደ 2026 መጨረሻ፣ ለትንንሾቹ ወደ 2027 አጋማሽ። ጀርመንን የመሰለ ትልቅ ገዢ ላላት አገር መዘግየቱ ፋታ ነው፤ ብዙ ላኪ በደስታ ተቀብሎታል። ግን አስቀድሞ ገንዘብ አውጥቶ፣ ልጆች ቀጥሮ፣ ማሳ አስለክቶ የጨረሰው ዩኒየንስ? ወጪው ወጥቷል፤ በዚያ ምክንያት የተሻለ ዋጋ የሚከፍለው ገዢ ደግሞ ለመቸኮል ምክንያት የለውም። ምድብ ሦስት የሚባለው ነገር በተግባር ይህ ነው። ቃሉን የሚገባው ቤንቶንቪል (የዋልማርት ዋና ቢሮ ያለበት ከተማ) ወይም ፓሪስ ያለ ቢሮ ነው። ቃሉን ለመፈጸም የሚሯሯጠው ግን አቅራቢው ነው፤ ቃሉ ሲታጠፍም ወጪው እሱ ጋ ይቀራል።

የሚቻል ነው ወይ?

ይቻላል፣ በከፊል። የቤት ዕቃ ሻጩ አይኪያ ከ2016 ጋር ሲነጻጸር ጠቅላላ ልቀቱን፣ ምድብ ሦስትን ጨምሮ፣ ከሩብ በላይ እንደቀነሰ ሪፖርት አድርጓል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሽያጩ አድጓል። የዕቃዎቹን ንድፍ በራሱ እጅ መያዙ ጠቅሞታል፤ እንጨቱን፣ ሙጫውን፣ አምፖሉን ራሱ ይወስናል። የሌላ ሰው ዕቃ የሚሸጥ ሱፐርማርኬት ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ «አይኪያ ከቻለ ዋልማርት ለምን አይችልም?» የሚለው ክርክር ግማሽ መንገድ ነው የሚሄደው።

እኔ አንድ ኩባንያ ቃሉን ሲያጥፍ መጀመሪያ የማየው የ2030ውን ግብ ምን እንዳደረገው ነው። የ2040ው ወይም የ2050ው ብዙ አያስጨንቀኝም፤ ያኔ ዛሬ የፈረሙት አለቆች ጡረታ ወጥተዋል። ዋልማርት እንሳታለን ያለው የቅርቡን ነው፣ የ2040ው ግን በቦታው አለ ብሏል። ፔፕሲኮ 2025 ላይ ኔት ዜሮውን ከ2040 ወደ 2050 ገፍቶታል። ኮካ ኮላ ዲሴምበር 2024 ላይ የማሸጊያ ግቦቹን ዝቅ አድርጎ ቀኑን ወደ 2035 ወስዶታል። የሱፐርማርኬቱን መደርደሪያ የሚሞሉት እነዚህ ስለሆኑ፣ እነሱ ባፈገፈጉ ቁጥር የቸርቻሪውም ምድብ ሦስት አብሮ ይንሸራተታል።

በዋሽንግተን በኩል የሚያስገድድ ነገር አሁን የለም። ካሊፎርኒያ ግን በ2023 ሕግ አውጥታለች። በግዛቷ የሚነግድና የዓመት ገቢው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ኩባንያ ሁሉ ልቀቱን ቆጥሮ ለሕዝብ ማሳወቅ አለበት። ቀንስ አይለውም፤ ቁጥርህን አሳይ ብቻ ነው የሚለው። የንግድ ምክር ቤቶች ፍርድ ቤት ወስደውታል። በሕጉ መሠረት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምድቦች ሪፖርት በ2026፣ የምድብ ሦስት ደግሞ ከ2027 ጀምሮ ይቀርባል። ዋልማርትም፣ አማዞንም፣ ትራክተር ሰፕላይም ካሊፎርኒያ ውስጥ ይሸጣሉ።